ሥዕሉን ማን ሣለው?

ለዚህ መጽሔት የታሪክ ዓምድ የተጠየቅሁት ስለ ኮሌጃችን አመሠራረት እንድጽፍ ነበር። ያንን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ መምህራን በመካከላችን ስላሉ ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ ስለ ሥዕል ልጻፍ። “ሐኪም ስለ ሥዕል ምን አገባት?” የምትሉ አትጠፉምና ትንሽ ታገሡኝ።

በ1990ዎቹ ዲላ ጤና የተማራችሁ ኔተርን ታስታውሳላችሁ። ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፎቶ ኮፒ ነበር። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አርተሪውን ከቬይኑ መለየት አይቻልም፤ እኛው በቀይና በሰማያዊ እስክሪቢቶ ቀለም እንቀባ ነበር። አንዳንዱ ተሳስቶ ቀብቶት፣ ቀጥሎ የደረሰው ሰው በስህተቱ ተምሮ ፈተና ላይ የወደቀበት ጊዜም አለ። (ቀቢውን አሁንም እየፈለግነው ነው!)

ፍራንክ ኔተር እ.ኤ.አ. በ1931 ኒውዮርክ ውስጥ በሕክምና የተመረቀ ሐኪም ነው። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና በሽተኛው የሚከፍለው አልነበረውም፤ ሰውዬው ለመድኃኒት ኩባንያዎች በቁራጭ ሥዕል እየሣለ ይኖር ጀመር። ራሱ እንደተረከው፣ ለአምስት ሥዕሎች 1,500 ዶላር ሲጠይቅ የማስታወቂያ ኃላፊው “ለእያንዳንዱ” ያለ መስሎት 7,500 ከፈለው። ኔተር ከዚያ በኋላ ሕክምናውን ትቶ ሠዓሊ ሆነ። ልብ በሉ፣ ቅጥረኛ አልነበረም፤ የሚሠራው በሥራ ልክ ነው። ግን በየሥዕሉ ጥግ ላይ ፊርማው አለ። በፎቶ ኮፒያችን ላይ እንኳ ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ፍስሐ ገነት ልውሰዳችሁ።

በ1994 ዓ.ም. ለተግባር ልምምድ ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ አለፍ ብላ ወደምትገኘው ፍስሐ ገነት ሄድን። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በራችን ላይ ይደርሱ ነበር። አንድ ቀን ተቅማጥ የያዘው የስምንት ወር ሕፃን መጣ። ከሁለት ቀን በፊት ለምለም ሰጥተን የሸኘነው ልጅ ነው። አሁን ግን ያለማቋረጥ ይነጫነጫል፣ ውኃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል፣ ቆይቶም ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሶዲየም የምንለካበት ላቦራቶሪ አልነበረንም። ሲስተሯ ናት በአስተርጓሚ “እንዴት አድርገሽ በጠበጥሽው?” ብላ የጠየቀቻት።

እናቲቱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ፖስተር ጠቆመች። ፖስተሩ ላይ ፓኬት፣ ማሰሮና ብርጭቆ ተሥለዋል። ብርጭቆው ከፊት ስለሆነ ከማሰሮው ይተልቃል። እኛ ትምህርት ቤት የገባነው “ቅርብ ያለ ነገር ትልቅ ሆኖ ይታያል” ብለን እናልፈዋለን። እሷ ግን “ትልቁ ዕቃ ይኼ አይደል?” አለች። የአንድ ሊትሩን ፓኬት ሙሉውን በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ነበር የሰጠችው። ልጁን ወደ ዲላ ላክነው። በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት ጀመረ። ባይጀምር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ፖስተሩን አውርደን አገላብጠን አየነው። ያሳተመው ድርጅት ዓርማ አለ፣ ገንዘብ የሰጠውም ዓርማ አለ። የሠዓሊው ስም የለም። “ወንድሜ፣ ብርጭቆህን አሳንሰው” የምንለው ሰው አጣን።

ታዲያ እናቲቱ ናት ሥዕል ማንበብ ያልቻለችው ወይስ ሠዓሊው? ከዲላ ብዙም ሳይርቅ ሸፔ ገደል ላይ የተቀረጹትን ከብቶች ለጉብኝት ሄዳችሁ ካያችሁ መልሱ ከፊሉ እዚያ አለ። ላሞቹ አካላቸው ከጎን ነው የሚታየው፤ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ሁለቱም ተዘርግቷል። ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ጡታቸው ትልቅ ነው። በዓይን እንደሚታየው ሳይሆን ሰው ስለ ላም እንደሚያውቀው ነው የተቀረጹት። ማንም ገበሬ ቆሞ “ላም” ይላል፤ አስተርጓሚ አያሻም። የዚያ ጠራቢ ስምም አልተገኘም። በመስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ካላቸው አንዷ ነኝ። ያኔም ትዝ ያለኝ ያ ፖስተር ነበር።

ነገሩ በጥናትም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1972 ዴሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ ሥዕል ብዙም ባልደረሰበት የአገራችን ደቡብ ምዕራብ፣ በሚኤን ሕዝብ ዘንድ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ወረቀቱ ራሱ እንግዳ ስለሆነ እንስሳቱን በጨርቅ ላይ ሥለው አሳዩ። አብዛኛው ሰው እንስሳውን ለየ፤ ግን አንዳንዱ ጭራውን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው የደረሰበት። እኔ ይህን የምረዳው ሥዕል እንደ ፊደል የሚለመድ ነገር መሆኑን ነው። ፊደል ቀራጩ አንባቢውን ካላወቀ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

እና እነዚህ ሠዓሊዎች እነማን ነበሩ? በአገራችን ሥዕል በትእዛዝ መሥራት አዲስ አይደለም። የድሮ ብራናዎቻችን ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ያሠራውን ባለጸጋ ስም ነው፤ ሠዓሊው ከስንት አንዴ ነው የሚታወቀው። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ በመገኘቱ እስከ ዛሬ ይነሣል። በ1950ዎቹ መግቢያ አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ በኋላ በዘመናዊ መንገድ የተማረ ሠዓሊ መጣ። ሥራውም መጣለት። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በሂደት 15 ደረሰ፤ ጌዴኦኛ ከ15ቱ አንዱ ነበር። የፕሬስ አዋጁ በ1985 ሲወጣ ደግሞ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ፤ ሁሉም ሽፋንና ካርቱን ይፈልጋል፣ ቋሚ ሠዓሊ ለመቅጠር አቅም ያለው ግን ጥቂት ነው። ሠዓሊው ሥራውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር ማለት ነው።

እኛም ዲላ ላይ ያገኘነው እንደዚያ ያለ ሰው ነው፤ ታፔላ ሠዓሊ። የምግብ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጎማ ጥገና ታፔላ የሚሥል። ገንዘብ አዋጥተን ፖስተሩን እንደገና ይሥልልን ዘንድ ሄድን። እኔ ማሰሮና ብርጭቆ እንዳይረሳ ስነግረው፣

“ቆይ ዶክተርዬ” አለኝ፤ ያኔ ገና ተማሪ ነኝ። “ቤታቸው ሊትር መለኪያ አላቸው?”

“የላቸውም።”

“የቢራ ጠርሙስስ?”

ሦስት የቢራ ጠርሙስ አንድ ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው! ይህን እንግዲህ አራት ዓመት የጤና ትምህርት ላይ ማንም አልነገረኝም። ጋሼ ሦስቱን ጠርሙሶች እኩል አድርጎ ደረደራቸው፣ ከጎናቸው እነሱን የሚያህል አንድ ፓኬት፣ ከዚያ ሦስቱንም የሚውጥ ማሰሮ። ማንንም ከፊት፣ ማንንም ከኋላ አላደረገም። አይታችሁት ብትሆኑ “የሸፔ ልጅ” ትሉት ነበር። ከታች በቀኝ ጥግ፣ ታፔላ ላይ እንደሚያደርገው፣ ስሙንና የሱቁን ሰፈር ጻፈ። ፍስሐ ገነት ወስደን ለጥፈን እናቶችን ስንጠይቃቸው ሁለቱ ፓኬቱን መጽሐፍ መሰላቸው። ተመልሰን ነገርነው። በአንድ ቀን አረመው። ሱቁን አውቀን የሄድነው ስሙ ስለተጻፈበት ነው።

ከዓመታት በኋላ ያ ሥዕል በሌላ መሥሪያ ቤት በራሪ ወረቀት ላይ ታትሞ አየሁት። ጠርሙሶቹ አሉ፣ ማሰሮው አለ፤ የቀኝ ጥጉ ነጭ ነው። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራው አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት ይሰጣል። እኔ ግን የሚቆጨኝ መብቱ ብቻ አይደለም። ፊርማ የሌለው የመድኃኒት ማዘዣ ፋርማሲ አይቀበልም፤ ስህተት ቢኖረው ወደ ማን እንደሚደወል ስለማይታወቅ። በሽተኛ አይቶ መድኃኒት የሚለካበት ሥዕልስ?

ልጄ ያደገችው “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን እያየች ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ1998 አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት የልጆች ፕሮግራም ነው፤ እኛ በፖስተር የምንለፋበትን እጅ መታጠብ በአሻንጉሊት ቀጭኔ አስተማሩት። በኋላ ያወጡት “ጥበብ ገርልስ” የተባለው አኒሜሽን የወር አበባንና ያለዕድሜ ጋብቻን በግልጽ ያነሣል። እንደ ሐኪም የምመሰክረው፣ ስለ ወር አበባ ክሊኒክ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትቀር ልጅ ስለ ካርቱን ገጸ ባሕርይ ሲሆን አፏን ትከፍታለች። የእንቅስቃሴ ሥዕል ግን ጉልበት ይበላል። በሴኮንድ 12 ሥዕል ብላችሁ ብታሰሉት ለአንድ ደቂቃ 720 ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራው ዕዝራ ውቤ በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶ እያነሣ፣ በላዩ ላይ እንደገና እየሣለ ነው አኒሜሽን የሚሠራው። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ የተሳፈሩበትን የሰፈር ቀልድ “ሂሳብ” ብሎ እንደዚያ ሠርቶታል። አኒሜሽን ሲያልቅ፣ መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ስም ይወርዳል። ልጄ ቻናል ልትቀይር ስትል “ቆይ፣ ስማቸውን ልይ” እላታለሁ። እንደ እብድ ታየኛለች።

ባለፈው ዲላ ስመጣ የጋሼን ሱቅ ፈለግሁ። ቦታው ላይ ባነር ማተሚያ ተከፍቷል። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ወጣት ለአንድ ድርጅት የክትባት ብሮሸር እየሠራ ነበር፤ እናት፣ ልጅ፣ መርፌ፣ ሁሉም በመጠን በመጠኑ፣ በጣም ያምራል። በቁራጭ እንደሚከፈለው ነገረኝ። ስሙን የት እንደሚጽፍ ጠየቅሁት።

“ፋይሉ ላይ አለ” አለኝ። “ሲታተም ግን አይወጣም።”