ቤዛል ጋንግሊያ

ቤዛል ጋንግሊያ ከአንጎል ቅርፊት በታች፣ በጥልቁ የአንጎል ክፍል በግራና በቀኝ የሚገኙ የነርቭ ሴሎች ክምችት ነው። ዋና ዋና አካላቱ ኮዴት፣ ፑታመን፣ ግሎበስ ፓሊደስ፣ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስና ሰብስታንሺያ ናይግራ ናቸው። ኮዴትና ፑታመን በአንድነት ስትራየተም ይባላሉ፤ ከቅርፊቱ የሚመጣው መልእክት በአብዛኛው የሚገባው በእነሱ በኩል ነው።

የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ቤዛል ጋንግሊያ እንቅስቃሴን አያመነጭም፤ የታፈነውን ይለቃል። የመውጫ ሴሎቹ ጋባ በተባለ ኬሚካል አማካኝነት ታላመስን፣ ሰውየው አርፎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ፣ ያለማቋረጥ አፍነው ይይዛሉ። ስኒ ለማንሳት ሲፈልግ ስትራየተም ቀጥተኛ በሚባለው መስመር እነዚህን ሴሎች ዝም ያሰኛቸዋል፤ ታላመስ ይፈታል፤ ክንዱም ይዘረጋል። ቀጥተኛ ያልሆነው መስመር ግን በሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በኩል ዞሮ አፈናውን ያጠብቃል፤ ለጊዜው የማይፈለገውን እንቅስቃሴ ይገታል። ከሰብስታንሺያ ናይግራ የሚመነጨው ዶፓሚን የመጀመሪያውን መስመር ያበረታል፣ ሁለተኛውን ያዳክማል። ልማድን በመልመድና ሽልማት ያስገኘን ድርጊት በመድገምም ድርሻው ከፍተኛ ነው።

ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው በሽታ የሚመጣው እነዚህ ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች ሲሞቱ ነው። ጤናማ አንጎል ተቆርጦ ሲታይ ሰብስታንሺያ ናይግራ ጥቁር ሆኖ በዓይን ይለያል፤ በታማሚው ግን ደብዝዞ ይገኛል። ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ፣ ማለፍ የሚችለውና እዚያው ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ይሰጣል። ለአንዳንዶች ደግሞ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ውስጥ ኤሌክትሮድ ይተከላል። ይኸው ኒውክሊየስ በስትሮክ ሲጎዳ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ በሌላው ጎን ያለው ክንድ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ ይወራጫል። በዘር የሚተላለፈው የሀንቲንግተን በሽታም ስትራየተምን እየጎዳ ሰውነትን ያለፈቃድ ያንቀሳቅሳል።

የፓርኪንሰን ታማሚ ጡንቻው ሽባ አለመሆኑ በግልጽ የሚታየው በር ላይ ነው። እግሩ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ያህል ቆሞ ይቀራል፤ ከፊቱ መስመር ሲሰመርለት ግን ብዙ ጊዜ ተሻግሮት ይሄዳል። በዓይን የሚመራ እርምጃ በአመዛኙ በሌላ የአንጎል መስመር ስለሚያልፍ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በታማሚው ቤት ወለል ላይ ባለቀለም ፕላስተር ያስለጥፋሉ።