አማርኛ የማይናገር ታማሚና የአምቡላንስ ጥሪ፦ ከየካ እስከ እንጦጦ

ድንገተኛ ሕመም ወይም አደጋ ሲደርስ እርዳታው የሚጀምረው አምቡላንሱ ሲመጣ ሳይሆን ስልኩ ሲነሳ ነው። ደዋዩ ሦስት ነገር መናገር አለበት፦ የት እንዳለ፣ ምን እንደደረሰ፣ ታማሚው አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ። አማርኛ ለማይችል ሰው እነዚህን ሦስት ነገሮች መናገር ከሕመሙ የማይተናነስ ፈተና ነው። ይህ ጽሑፍ የቋንቋ እንቅፋቱ የት የት እንደሚያጋጥም፣ ቤተሰብ፣ ጎረቤትና የመስጂድ ጀመዓ አስቀድመው ምን ማዘጋጀት እንደሚችሉ ያስረዳል።

የሚቸገሩት እነማን ናቸው?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ አፍ መፍቻ ቋንቋው አማርኛ ነበር። አፋን ኦሮሞ 10.7፣ ጉራጊኛ 8.4፣ ትግርኛ 3.6፣ ስልጢኛ 1.8 በመቶ ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አማርኛም ይናገራሉ። የሚቸገሩት ልጆቻቸው ከገጠር ያመጧቸው አረጋውያን ወላጆች፣ በቅርቡ ለቤት ሠራተኝነት የመጡ እህቶች፣ ከሶማሊያና ከየመን የተሰደዱ ቤተሰቦች እንዲሁም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በጀመረው ጦርነት ከሱዳን የሸሹ ወገኖች ናቸው። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ስልኩ ራሱ እንቅፋት ነው።

በየካ ይህ ችግር ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር ይያያዛል። ክፍለ ከተማው ከመገናኛና ከሾላ ገበያ ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ዳገት ይወጣል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከጀርባው ኦሮሚያ ነው። ከዚያ ለገበያ የሚወርዱ ብዙዎች አፍ የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ቢወድቁ ወይም ነፍሰ ጡር በመንገድ ላይ ምጥ ቢይዛት፣ መኪና በማይገባበት ቀጭን መንገድ ላይ ሆኖ ቦታውን በሌላ ቋንቋ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ወዴት ይደወላል?

- 939፦ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
- 907፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ
- 8035፦ ጠብታ አምቡላንስ (የግል፣ በክፍያ)
- 991፦ ፖሊስ

በየካ በኩል ያሉት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ዳግማዊ ምኒልክና በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕክምና ማዕከል የነበረው ኤካ ኮተቤ ናቸው። ለቃጠሎና ለከባድ አደጋ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል አለ።

አድራሻ መናገር

በከተማችን ቤት የሚታወቀው በመንገድ ስምና በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፦ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ»፣ «ከኪዳነ ምሕረት በታች»። ከመጣች ወር ያልሞላት ልጅ እነዚህን ስሞች አታውቅም። ስለዚህ ስልኩን የሚያነሳው ባለሙያ ቃሏን ቢረዳ እንኳ አምቡላንሱን ወዴት እንደሚልክ ላያውቅ ይችላል።

ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዊሊ ራሚሬዝ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር መርዞታል ለማለት ነበር። ሐኪሞቹ ቃሉን በእንግሊዝኛው ትርጉም ወስደው በአደንዛዥ ዕፅ የመጣ መሰላቸው። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ስለነበር ሕክምናው ዘገየ፤ ወጣቱም እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ጉዳዩ በ71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ተቋጨ።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ዐረብኛ ተናጋሪ «ቀልቢ» ሲል «ልቤን» ማለቱ ነው፤ በአማርኛ «ቀልብ» ስንል ግን አእምሮን ወይም ትኩረትን ነው። ደረቱን ይዞ የሚጮኽን ሰው «ደንግጦ ነው» ብለን እንዳንተወው ያሰጋል። አማርኛ ተናጋሪውም «ልቤን አቃጠለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራውን ነው። ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ ጣት ይመረጥ፤ ታማሚው የሚያመውን ቦታ በእጁ ያሳይ።

እነዚህን አራት ቃላት ማወቅ ይጠቅማል፦

- ደም፦ በአፋን ኦሮሞ ዺጋ፣ በሶማሊኛ ዺግ፣ በዐረብኛም ደም
- ልብ፦ በአፋን ኦሮሞ ኦኔ፣ በሶማሊኛ ወድነ፣ በዐረብኛ ቀልብ
- ትንፋሽ፦ በአፋን ኦሮሞ ሀፉራ፣ በሶማሊኛ ኔፍ፣ በዐረብኛ ነፈስ
- ምጥ፦ በአፋን ኦሮሞ ጪኒንሱ፣ በሶማሊኛ ፎል፣ በዐረብኛ ጠልቅ

ማን ያስተርጉም?

መምህር በነበርኩበት ጊዜ አማርኛ የማይችሉ እናቶቻቸውን ወደ ሕክምና ሊያደርሱ ፈቃድ የሚጠይቁ ተማሪዎች ነበሩኝ። ልጁ ብልህ ቢሆንም እናት ስለ ማሕፀን ደም መፍሰስ በልጇ አፍ አትናገርም፤ ልጁም አስደንጋጭ ነገር ሲሰማ አለስልሶ ይነግራታል። ጎረቤት ወንድ ሲያስተረጉምም ሐያእ ብዙ ነገር ያስውጣል። ስለዚህ ለሴት ታማሚ አዋቂ ሴት ብትገኝ ይመረጣል።

አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ይናገር፤ አይጨምር፣ አይቀንስ፣ በታማሚው ፋንታ አይመልስ። ያልገባውን «አልገባኝም» ይበል። የሰማውንም ለሌላ አያውራ፤ አማና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማር ያዘዙት፣ ደብዳቤው በሚታመን ሰው እንዲነበብና እንዲጻፍ ነበር። በደብዳቤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ በነፍስ ጉዳይ ምን ያህል ይበልጥ ያስፈልጋል!

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጣል። ለታማሚ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ አልተጻፈም። በሌላ በኩል ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በስደት ለእኛ የተደረገልን፣ በአገራችን ከእኛ ጋር ለሚኖር ሊደረግለት የሚገባ ነው።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ

1. በቤቱ በር ውስጥ በትልቁ ይጻፍ፦ ወረዳ፣ የታወቀ ምልክት፣ የአምቡላንስ ቁጥሮችና አማርኛ የሚችል ዘመድ ስልክ።
2. አማርኛ የማይችል የቤተሰብ አባል በኪሱ ወረቀት ይያዝ፦ ስም፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደውና የማይስማማው መድኃኒት።
3. አዲስ ለመጣች የቤት ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት «አምቡላንስ»፣ የሰፈሩን ስምና ስልክ አደዋወል አስተምሯት።
4. ኢማሞችና የጀመዓ ኃላፊዎች በመስጂዱ ዙሪያ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋን ኦሮሞና ስልጢኛ የሚችሉ ወንዶችና ሴቶችን ስልክ ይመዝግቡ፤ በሌሊትም የሚያነሱትን ይለዩ።
5. አምቡላንስ ሲጠራ አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ይጠብቅ። አስተርጓሚው ከታማሚው ጋር እስከ ሆስፒታሉ ይሂድ፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ጥያቄው እንደገና ይጀመራልና።