ከጂንካ ጓዳ እስከ ዘ ሄግ፦ ዳቦ የማይስማማት ልጅ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ቡና አስቀርቡ። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ታሪክ ምን ይሠራልናል?» እያላችሁ ስትነዘንዙኝ ለነበራችሁ መልሱን ዘግይቼ ያገኘሁት እናቴ ጓዳ ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ኪሎ አትጨምርም። አንዱ ጋ ጃርዲያ፣ ሌላው ጋ አሜባ፣ ሌላው ጋ ትል ተባለ፤ ያልዋጠችው መድኃኒት የለም። አምና አዲስ አበባ ወስደናት በደም ምርመራና ከአንጀቷ በተወሰደ ናሙና ሴሊያክ የሚባል ሕመም መሆኑ ታወቀ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ዞሮ አንጀቷን ያጠቃል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ስንዴና ገብስ አለመቅመስ ነው፤ በሶውም፣ ማካሮኒውም፣ ፉርኖውም ቀረ።

ልጅቷን የከበዳት እንጀራው አይደለም፣ እሱማ ንጹሕ ጤፍ ከሆነ ትበላለች። የከበዳት ድፎ ዳቦ ነው። በዓል ሲመጣ ዳቦው ሊቆረስ ሲል ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ይሄን አይቼ ነው እንደ ልማዴ ማንበብ የጀመርኩት።

ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1888 ሳሙኤል ጊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በደንብ ገልጾታል፤ የሚድን ከሆነም በምግብ ነው ብሏል። የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። በ1924 ሲድኒ ሃስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ልጆቹን ሙዝ በበዛበት ምግብ ማከም ጀመረ፣ ብዙዎቹም ተሻላቸው። (ጂንካ ቢሆን ኖሮ ሕክምናው በነፃ ነበር!) ያዳናቸው ግን ሙዙ ሳይሆን ዳቦው መቅረቱ ነበር።

ይሄን የደረሰበት ቪለም ካረል ዲከ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዘ ሄግ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ፣ በ1930ዎቹ፣ ዳቦ ሲቀርባቸው የሚሻላቸው ልጆች አይቶ ስንዴን ጠረጠረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ1944 ማብቂያ እስከ 1945 መጀመሪያ ባለው ብርድ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ አገዱ። ወደ 20 ሺህ ሰው በረሃብ አለቀ፤ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ። እዚህ ቤት «ሥር እየፋቁ የሚበሉ» እየተባለ በእንሰት የሚቀለድበት ጊዜ ነበር፣ አውሮፓም በክፉ ቀን ሥር በልታለች። ታዲያ አገሩ ሁሉ ሲራብ የሴሊያክ ልጆቹ ሕመም ጋብ አለ፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ዲከ ጥርጣሬውን በምርመራ አጠናክሮ በ1950 ኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ አቀረበ።

ሌላም ያነበብኩት አለ። በ1999 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የምዕራብ ሰሃራ ስደተኛ ልጆችን መርምሮ ከመቶ 5.6 የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው አገኘ። በዓለም ደረጃ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። እነዚህ በግመል ወተትና በሥጋ የኖሩ የበረሃ ሰዎች ናቸው፤ ቅኝ ግዛትና የስደት ካምፕ ግን ወደ ስንዴ ዳቦ አዞራቸው። ተመራማሪዎቹ ዘርንም አመጋገብንም ይጠቅሳሉ። እኔ ሳነበው ኦሞራቴ ነው ትዝ ያለኝ። ዳሰነች ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በጭቃው ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ግልገል ጊቤ ሦስት ከተገደበ ወዲህ ሙሌቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ በማሽላው ፈንታ የእርዳታ ስንዴ በጆንያ ይመጣል። እዚያ በሽታው ሞልቷል እያልኩ አይደለም። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ሆዱ የተነፋ ልጅ የትል መድኃኒት ደጋግሞ ወስዶ ካልተሻለው ይሄንንም አስቡ ነው የምለው።

ወደ ጓዳችን ልመለስ። መጀመሪያ እኔው ራሴ የጤፍ ዱቄት በደረቅ እርሾ አቡክቼ ጋገርኩ። የወጣው ጡብ ነው፤ ቢላ ሲነካው ተፈረፈረ። ምክንያቱም ስንዴን ዳቦ የሚያደርገው ያው ግሉተን ነው፤ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አየሩን ይይዛል። ጤፍ ያ የለውም። እናቴ ጡቡን አገላብጣ አየችና «አብሲት ሳትጥል እንዴት ይያዝልህ?» አለችኝ።

በቃ፣ መልሱ እሱ ነበር! ሊጥ በእሳት ሲበስል ይያያዛል፣ አየርም ይይዛል። ቅዳሜ ገበያ ከአሪ እናቶች ቡላ ገዛን። እናቴ በውሃ በጥብጣ እንደ አጥሚት አበሰለችውና ለብ ሲል ከጤፍ ዱቄት ጋር ለወሰችው፤ ጤፍ ሦስት እጅ፣ ቡላ አንድ እጅ። እርሾውም ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ የተነሳ ነው፣ የድሮው ገብስ ነክቶታል። ሊጡ አይታሽም፣ እንደ ቀጭን ገንፎ ነው። አድሮ ሲነሳ ኮባ በተነጠፈበት ድስት ገልብጣ እሳት ከላይም ከታችም አደረገችለት። እንደ ስንዴው ከፍ አላለም፣ መልኩም ጠቆር ይላል። ግን ዓይን አውጥቷል፣ ሲቆረስም አይፈረፈርም። ጎረቤቶቻችን ኮንሶና ደራሼ ከማሽላና ከበቆሎ የሚሠሩት ኩርኩፋም አሁን እኛ ቤት በሳምንት ሁለቴ አለ።

አንድ የሚያስቀኝን ነገር ልጨምር። በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሰጠው። «ፈጠራው» ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ ለመጋገር ይሻላል የሚል ነበር። ይሄን ለጎጃም ገበሬ ንገሩት! ኢትዮጵያ በ2005 ጥቅም ለመጋራት ተዋውላ ነበር፣ ግን ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ እኛም እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኘንም። መብቱ ሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ተብሎ የተሻረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሻረው ገምቱ፤ የዘ ሄግ። ዲከ ስንዴን የጠረጠረበት ከተማ።

አሁን የቀረን ችግር ወፍጮ ቤት ነው። ጤፋችንን ለቅመን ብንወስድም ከፊታችን ስንዴ የተፈጨ እንደሆነ ተቀላቅሎ ይመጣል። «ከግሉተን ነፃ» ለመባል ዓለም አቀፉ መስፈርት በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ ማለት ነው። እስከዚያው እናቴ የድሮ ወፍጮና መጇን ፍቃ አጥባ አውጥታለች፣ ግን ጉልበቷ አይችልም፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ ወገቤ ይመሰክራል። ጂንካ ውስጥ ጤፍና ማሽላ ብቻ የሚፈጭ ወይም ጠዋት ወፍጮው ተጠርጎ መጀመሪያ ሊፈጭልን የሚፈቅድ ወፍጮ ቤት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልደቷ የፊታችን ሳምንት ነው፤ ዳቦውን ራሷ ልትቆርስ ነው።