የዋግ ከፍታ ከየት ይለካል?

የዋግ ኽምራ መሬት ልለካው ብሎ ለሚነሣ ሁሉ ፈተና ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእሷ በስተምዕራብ መሬቱ በሸንተረርና በገደል እየተሰባበረ እስከ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ከተማዋ የአሞሌ ጨው መናኸሪያ በነበረችበት ዘመን ሲራራ ነጋዴው ያለበትን የሚያውቀው በጋራው፣ በምንጩና በማደሪያው ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢትዮጵያን ሲለካ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሚታዩትን ጫፎች በቴዎዶላይት እያነጣጠረ ማዕዘናቸውን ይመዘግብ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ኮረብታ ይሻገር ነበር። ሁለቱም ያሉበትን ያወቁት ከሚታወቅ ነገር ተነሥተው ነው። ዛሬ ድሮን የሚያበርር ሰው ማሽኑ ይህን ጣጣ ያስቀረለት ይመስለዋል። ጣጣው ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ።

የካርታው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሚሲዮን አገሪቱን በአየር ፎቶግራፍና በምድር ልኬት ሲያነሣ፣ ልኬቱ የታሰረው አዲንዳን ከተባለ ነጥብ ጋር ነበር። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ የሚገኝ የኑብያ መንደር ሲሆን በኋላ የአስዋን ግድብ ሐይቅ ውጦታል። በቀድሞዎቹ ካርታዎች ላይ የአንድ የሰቆጣ ጋራ አድራሻ የሚቆጠረው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የራሱ መነሻ ስላለው፣ ሁለቱን ሳያስታርቅ የሚሠራ ሰው በ200 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይስታል። ሜዳ ላይ ቢሆን ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ዋግ ላይ ግን 200 ሜትር አምባው አናት ላይ በመሆንና ገደል ውስጥ በመግባት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ድሮንም እንዲሁ ከተለያየ መነሻ ይቆጥራል። ከሆዱ ሥር ያሉት ካሜራዎች የመሬቱን ምስል ካለፈው ምስል ጋር በፍጥነት እያነጻጸሩ ቆሞ እንደሆነ ወይም እየተንሸራተተ እንደሆነ ይነግሩታል። ስለዚህ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የእርከን መስመር፣ በቂ ብርሃንም ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ሐይቅ እስከ ዋግ ይዘልቃል፤ ውሃ ደግሞ ለእነዚህ ካሜራዎች ከከፉት ገጾች አንዱ ነው። ሞገዱ ሲንቀሳቀስ ድሮኑ ራሱ የሄደ ይመስለዋል፤ ውሃው ረግቶ ሲያንጸባርቅ ደግሞ የሚይዘው ምልክት ያጣል። ከፍታው የባሰ ያሳስታል፦ ከሸለቆ የተነሣ ድሮን ስክሪኑ ላይ 100 ሜትር ሲል ከተነሣበት ቦታ ማለቱ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። በእሱና በመነሻው መካከል ያለው ሸንተረር ከመነሻው 300 ሜትር ከፍ ካለ፣ በ100 ሜትር ከፍታ ተመለስ የተባለ ድሮን ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው።

«ለዚህ አይደል እንቅፋት የሚያዩ ካሜራዎች የተገጠሙለት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፋንተም 4 ከፊቱ ያለውን አይቶ መቆሙ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየአቅጣጫው የሚያዩ መጥተዋል። ሆኖም ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦና በበጋ ቅጠሉን ያራገፈ ቅርንጫፍ ያመልጣቸዋል፤ በብዙዎቹ ላይ በስፖርት ሁነታ ሲበር ይህ ጥበቃ ጨርሶ ይጠፋል። ጂፒኤስ አለ የሚለውም መልስ ግማሽ ነው። ጠባብ ገደል ውስጥ ግድግዳው ሳተላይቱን ሲከልል ሥራው ወደ ካሜራዎቹ ይዞራል፤ ገደሉ ደግሞ ጥላ የሚበዛበት ስለሆነ ካሜራዎቹም በዚያው ሰዓት ይደክማሉ። ሁለቱ መጠባበቂያዎች አንድ ቦታ ላይ አብረው ይከዳሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋግ ላይ የሚያበርር ሰው ሽቦው በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው ይጠይቃል (ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የድሮን ድምፅ ምን እንደሚያስታውስ ስለሚታወቅ፣ አስቀድሞ ማሳወቁ ለሰላምም ይበጃል)። የመመለሻ ከፍታውንም በዙሪያው ካለው ከፍተኛ ጫፍ በላይ ያስተካክላል። ጫፉ ለድሮን ከተፈቀደው ከፍታ በላይ ከሆነ ግን ያለው አማራጭ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ሸንተረሩ ወጥቶ ከዚያ ማስነሣት ነው።