ስሟ ያልተጻፈው እናት፦ የይኩኖ አምላክ ታሪክ በሐይቅ ትውፊት

የይኩኖ አምላክ ታሪክ በትውፊት ሲተረክ የንጉሥ ታሪክ ከመሆኑ በፊት የሽፍታ ታሪክ ነው። የዛጉዌው ንጉሥ በመሎት ያስረዋል፤ ያመልጣል፤ በአማራና በሸዋ ተከታይ ያሰባስባል፤ በ1270 (እ.ኤ.አ.) ዙፋኑን ይይዛል። በትረካው ውስጥ የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓ አሉ፤ የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስገባል። የሁለቱ ገዳማት ፉክክር ብዙ ተጽፎበታል። እኔ እዚህ ላይ የማነሣው ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙ ያልተጨነቁባትን ወጣት ሴት ነው።

ታደሰ ታምራት በ1972 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፋቸው እንደጠቀሱት፣ የይኩኖ አምላክ እናት በሰገራት ይኖር የነበረ የአንድ ባለጸጋ የአማራ ሹም ባሪያ ነበረች የሚል ትውፊት አለ። የአባቱ ስም ተስፋ ኢየሱስ ተብሎ ይጠራል፤ የትውልድ ሐረጉም እስከ ሰሎሞን ይዘልቃል። የእርሷ ግን በጌታዋ ደጅ ያበቃል።

ይህ ትውፊት ለምን ሳይፋቅ ቀረ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሰሎሞናዊው ወገን ዛጉዌዎችን ዝቅ ለማድረግ ይጠቀምበት የነበረ አንድ ተረክ አለ፦ ምኒልክ ከንግሥቲቱ ሲወለድ፣ የዛጉዌዎች አባት የተወለደው ከገረዷ ነው ይላል። በክብረ ነገሥትም የሰሎሞን ዘር የሚተላለፈው በንግሥት ማኅፀን ነው። እንግዲህ «የገረድ ልጅ» መባል የመናቂያ ቃል በሆነበት ዘመን፣ «ዙፋኑን ለባለቤቱ መለሰ» የተባለው ሰው ራሱ የባሪያ ልጅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ለቤተ መንግሥት የሚመች ፈጠራ አይመስለኝም። የማይመች ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው እውነትነት ሲኖረው፣ ወይም ሕዝቡ ሲወድደው ነው። እኔ ሁለተኛውንም አልንቀውም። ስለ ይኩኖ አምላክ የሚነገረው የአውራ ዶሮ ተረትም ወደዚያው ይመራናል፦ ራሱን የበላ ይነግሣል የተባለለት ዶሮ ለንጉሡ ይሠራል፤ ወጥ ሠሪው ራሱን ይጥለዋል፤ ልጁ አንሥቶ ይበላዋል። መንግሥት በማጀት በኩል ወጣ ማለት ነው፤ ማጀት ደግሞ የእናቱ ዓለም ነበር።

በዚያው በሐይቅ ሌላ ስም የለሽ ሴት አለች። ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ የሚናገረው አፈ ታሪክ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት እንደተበደለች፣ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ እርሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ውኃ እንዳደረገው ያወሳል። ገዳሙ የቆመው በዚያች የተረፈች መሬት ላይ ነው። ሁለቱ ትረካዎች አንዱ ከሌላው ተወለዱ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ነገር ግን በአንድ አገር፣ አንዲት የተናቀች ሴት በማኅፀኗ በያዘችው ልጅ ምክንያት ምድሪቱ ወይም መንግሥቱ ሲለወጥ ሁለት ጊዜ እንሰማለን። ሴት ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን፣ በአምባሰል፣ ግሸን አለች። የይኩኖ አምላክ ዘሮች ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች ለብዙ ትውልድ ያሰሩት በዚያ አምባ ላይ ነው፤ አምባው በ1540 (እ.ኤ.አ.) በኢማም አሕመድ ሠራዊት እስኪያዝ ድረስ። የታሰሩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ በአባታቸው በኩል የይኩኖ አምላክ ዘር መሆናቸው። የሰገራቷ ሴት የልጅ ልጆች መሆናቸውን ማንም አልቆጠረውም።