ራምቦና ቦሬሊ በጨርጨር መንገድ

ፈረንጆች ያለ ጉዳይ በእግር የመጓዝ ልማድ አላቸው። ቅዳሜ ማለዳ ድንኳን አዝለው፣ ስንቅ ቋጥረው ከከተማ ይወጣሉ፤ ጋራ ላይ አድረው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። የሚጠይቁት ዘመድ፣ የሚያደርሱት ስለት፣ የሚሸጡት በሬ የለም። በእኛ አገር ግን እግር ያለ ጉዳይ አይነሣም። የሚያስኬደን ገበያ ነው፤ ለቅሶ ነው፤ ሙግት ነው፤ ዘመቻ ነው። በታኅሣሥ 19 የቁልቢን ዳገት ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣውን ምእመን ያየ ሰው መንገድ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም።

ይሁንና ዘመን ይለወጣል፤ እኔም ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር ጥቂት ቅዳሜና እሑድ በጨርጨር ጋራዎች ላይ አሳልፌአለሁ። ከጭሮ ተነሥተን (የዕድሜ ባለጸጎቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል) አስፋልቱን ትተን በገበሬ መንገድ ሒርና ለመግባት የሁለት ቀን ጉዞ በቃን። መኪና በአንድ ሰዓት ገደማ የሚጨርሰው ነው። የማወራው ግን ስለ እኛ አይደለም። በዚያው አገር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ድንኳን እየተከሉ ስላለፉ ሁለት ፈረንሳውያን ነው። የአንደኛውን ስም አንባቢ ያውቀዋል፤ አርተር ራምቦ ነው። ሁለተኛው ዡል ቦሬሊ የተባለ የማርሴይ ሰው ነው።

ስለ ራምቦ ብዙ ተብሏል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ሳይባል አልቀረም። ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» ተብሎ ለጎብኚ የሚታየው ያማረ ቤት እንኳ እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። በ1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወለደ፤ ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ይገዛ ጀመር። የእኛ ጉዳይ ይኼ ነጋዴው ራምቦ ነው። ገጣሚውን ለባለ ሙያዎቹ እንተወው።

ነጋዴው ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ትልቅ ኪሳራ ላይ ወድቆ ነበር። ከ2000 የሚበልጥ ጠመንጃ ከታጁራ በአፋር በረሃ አሻግሮ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ወደ ሸዋ ገባ። ሸሪኩ ላባቱ ገና ከመነሻው ሞቶበታል። አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ። ሲመለሱም ዕቃውን በቅናሽ ከወሰዱ በኋላ የሟቹን ዕዳ ቀነሱበት፤ ቀሪውን 9000 ብር ደግሞ ሐረር ላይ ከአዲሱ ገዥ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። እንግዲህ ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ወደ ገንዘቡ መሄድ አለበት። ቦሬሊም መንገዱን ማየት ፈልጎ ኖሮ አብረው ለመሄድ ተስማሙ። ሚያዝያ 24 ቀን 1879 ዓ.ም. (በአውሮፓ ሜይ 1 ቀን 1887) ከእንጦጦ ተነሡ።

ቦሬሊ በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ራምቦን ያደንቀዋል። ዐረብኛ ያውቃል፤ አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራል፤ ድካም የሚባል አያውቅም ይላል። ሁለቱ አዋሽን ተሻግረው በኢቱ ኦሮሞ ምድር በጨርጨር ደጋ አድርገው ሐረር እስኪገቡ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደባቸው።

ራምቦ ይህን ጉዞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ከካይሮ ለቀድሞ አሠሪው ለአልፍሬድ ባርዴ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስፍሮታል። አጻጻፉ የሚገርም ነው። ያ ሁሉ ቃላት የነበረው ሰው ደረቅ ሠንጠረዥ ነው የሠራው፦ የስንተኛ ቀን ጉዞ፣ የሰፈራ ቦታው ስም፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ደጋ ወይስ ቆላ። ስሜት የሚባል ነገር አይታይበትም። ሒርና ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ጥቂት ይለዝባል። ጥሩ ሸለቆ መሆኑን፣ በደን ጥላ ሥር እንደሚኬድበት፣ ቡና እንደሚበቅልበት ይናገራል። ወዲያው ደግሞ ወደ ጉዳዩ ይመለስና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ እዚህ የነበረውን የሸዋ ጦር ለማስለቀቅ ቱርኮች እንደላኩና የምኒልክን ዘመቻ ያስነሣውም ይኸው እንደሆነ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጨለንቆ ላይ ጦርነቱ የተደረገው በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ራምቦና ቦሬሊ በሥፍራው ያለፉት ከአራት ወር በኋላ ነው። ለሁለት ፈረንሳውያን በሰላም ለማለፍ የተመቻቸው መንገድ በጦር የተከፈተ መንገድ ነው። የኢቱን አገር ደጃዝማች ወልደ ገብርኤል የያዙት ራሱ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ወታደሩም በየቦታው ሰፍሯል። ሰፋሪ ወታደር ደግሞ የሚበላው ገበሬው ያመረተውን ነው። በዚያ ሸለቆ የቡናው ዛፍ ሥር ቆሞ ሁለቱን ነጮች ያያቸው የኢቱ ሰው ምን እንዳለ የጻፈልን የለም። የሠንጠረዡ ባለቤት አልጠየቀውም። ወይም ጠይቆት፣ መልሱ ለነጋዴ የማይጠቅም ሆኖ አግኝቶት ይሆናል።

የእኛን ጉዞ የማነሣው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ የጫት እርከን አጠገብ አረፍ ባልንበት አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ሰላምታው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነው፤ ከብቱ ደኅና፣ ልጁ ደኅና፣ ዝናቡ ደኅና። ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቀው ባልንጀራችን ያስተረጉመናል። በኋላ «ልጆቼ፣ ማን ዘንድ ናችሁ?» አሉን። ማንም ዘንድ አይደለንም፣ ዝም ብለን አገር እያየን ነው አልናቸው። ሽማግሌው ቦርሳዎቻችንን አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ ወይ መሬት የሚለካ ነው፣ ወይ ግብር የሚጽፍ ነው» አሉ። ተሳሳቅን። ግን አልቀለዱም። ውኃና የተጠበሰ በቆሎ ሰጡን፤ ማደሪያም አሳዩን፤ ጥርጣሬያቸውን ግን አላነሡልንም።

ነገሩን ሳስበው እውነት አላቸው። ራምቦ ያሰፈረው የሰፈራ፣ የርቀትና የጦር ሰፈር ዝርዝር ለነጋዴ ብቻ ሳይሆን ለጦር አዛዥም የሚጠቅም ወረቀት ነው። ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ በመልክዓ ምድር ማኅበር ስም የሚሰበሰበው ዕውቀት አብዛኛው ሁለት ደጃፍ ነበረው። በአንዱ ሊቁ ይገባል፤ በሌላው ወታደሩ ይወጣል።

ራምቦ ይህ የሐረር መንገድ ከአፋሩ በረሃ እጅግ የተሻለ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ለጊዜው ልክ ነበር። ሆኖም የባቡሩ ሐዲድ ሲመጣ የጨርጨርን ጋራ አልወጣም፤ ከሥሩ ቆላ ቆላውን ሄደ። በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ደጋው ተዘለለ። አሰበ ተፈሪ የተነሣችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው የተሾሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ አውራጃውን ለሌላው አገር አርአያ ላደርገው ብለው ከተማዋን በፕላን ሠሩ፤ ስሟም በአልጋ ወራሹ በተፈሪ ተሰየመ። ከታች ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ከላይ አሰበ ተፈሪ ናት። ዛሬም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መሥመር የሚያልፈው በዚያው ቆላ ነው፤ ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት ሐዲድ የሚጋጠመውም ሚኤሶ ላይ ነው። ራምቦ ያየው የሒርና ደን ግን የለም። ቡናውንም በብዙ ቦታ ጫት ተክቶታል፤ ገበሬውም አይፈረድበትም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ቡና ግን አንዴ ነው።

ወደ ራምቦ ልመለስ። ሐረር ሲደርስ ደጃዝማች መኮንን ጥሬ ብር አልነበራቸውም፤ ምጽዋ ላይ የሚመነዘር ሌላ ወረቀት ሰጡት። ገንዘቡን ፍለጋ ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያ ካይሮ ገባ፤ ሠንጠረዡንም እዚያ ጻፈ። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ድንኳኑን የተከለ፣ በቅሎውን የጫነ፣ እሳቱን ያነደደ ሰው ስም አይገኝም። አሽከር አይጻፍም፤ የዘመኑ ወግ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1883 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ያ ድካም የማያውቀው እግረኛ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ተሳነው። ከሐረር እስከ ዘይላ የሚሸከሙት 16 ሰዎች ቀጥሮ በቃሬዛ ተነሣ። በመንገድ ላይም በእርሳስ አጭር ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ስንት ሰዓት ተነሣን፣ የት አረፍን፣ ዝናብ ዘነበ የሚል። ማርሴይ እንደደረሰ እግሩ ተቆረጠ፤ በ1884 ዓ.ም. በኅዳር መጀመሪያ በ37 ዓመቱ ሞተ። በዚያ የቃሬዛ ማስታወሻ ውስጥ ግን የአራት ተሸካሚዎች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ አብዱላሂ፣ አብዱላህና ባከር ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ስማቸው የተጻፈው አንድ ማረፊያ ላይ ቃሬዛውን መሬት ስለ ጣሉበት እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ብር በመቅጣቱ ነው።