የመንገደኛው ስንቅ ከማን ነበር?

በሐዲያና በከምባታ አገር ስላለፉ አሳሾችና ስለ ወጪያቸው በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ያልታወቀ አገር ለማየት፣ ያልተጻፈ ታሪክ ለመጻፍ፣ ከመሬት በታች ያለውን ለመቆፈር ስለሚነሡ ሰዎች ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ጀግንነታቸው ነው። ወንዝ ተሻገሩ፣ ተራራ ወጡ፣ ረኃብና በሽታ ታገሡ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀትን ነገር የምታውቁ ሰዎች ስለ ሆናችሁ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ሳይመጣ አይቀርም። ይኸውም፣ በቅሎውን የገዛ፣ ለአሽከሩ ቀለብ የሰፈረ፣ ለአስተርጓሚው ደመወዝ የቈረጠ ማን ነበር? የሚለው ነው። ስንቅ የሌለው መንገደኛ ከደጃፉ አይርቅምና ይህ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ስንቁን የሰጠው ሰው መንገዱንም ይመርጣል፤ መንገዱን የመረጠ ደግሞ የሚታየውንና የማይታየውን ይወስናል።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና በዙሪያቸው ወዳለው የሐዲያና የከምባታ አገር እንሂድ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት፣ የእኛ ነው ብዬ ካልለየሁት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በብዙ ሰው አስተሳሰብ ለአሳሽ ገንዘብ መስጠት የፈረንጅ ልማድ ነው። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። የዚያን ዘመን ሐዲያ ዛሬ በዚህ ስም ከምናውቀው አገር እጅግ የሰፋ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አረባዊው አል ዑመሪ፣ ሐዲያ በርዝመቱ የስምንት፣ በወርዱ የዘጠኝ ቀን መንገድ እንደሚሆን፣ አርባ ሺህ ፈረሰኛም እንደሚያሰልፍ አመልክቷል። አል ዑመሪ ይህን የጻፈው አገሩን በዐይኑ አይቶ ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን አፍ ሰምቶ ነው።

ከዚህ አገር የወጡት ንግሥት እሌኒ የሕፃኑን የዐፄ ልብነ ድንግልን መንግሥት በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ በ1509 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎስ የተባለውን መልክተኛ ደብዳቤና ስጦታ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። ማቴዎስ በ1512 ዓ.ም. ሕንድ አገር ጎዋ ደረሰ፤ ሊዝቦን የገባው ግን በ1514 ዓ.ም. ነው። የዚህ ጉዞ መልስ ሆኖ በ1520 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልክተኞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱም አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ቄስ ነበር፤ በአገራችን ስድስት ዓመት ቈይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ዓ.ም. ታተመ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ነገሩን ልብ በሉት። ንግሥቲቱ የፈለጉት በባሕር በኩል የጦር ወዳጅ ለማግኘት ነበር። ከጉዞው በመጨረሻ የተረፈን ግን ስለ ገበያው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ንጉሡ ከተማና ስለ ድሀው ጎጆ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ከፋዩ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ዘመን ግን ሌላውን አስቀርቶ ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ከምባታ ምድር ይበልጥ ያቀርበናል። ዐፄ ሱስንዮስ ከአውሮፓ ነገሥታትና ከሮማው ጳጳስ ጋራ ለመላላክ ፈለጉ፤ የቀይ ባሕር በር ግን በቱርኮች እጅ ነበር። ስለዚህ በደቡብ በኩል ዞሮ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወደምትገኘው ወደ ማሊንዲ የሚያደርስ መንገድ ይገኝ እንደ ሆነ እንዲፈተሽ አዘዙ። በ1613 ዓ.ም. ፍቁረ እግዚእ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መልክተኛ ሆነው፣ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንም አብሮ ተሰጥቷቸው፣ ከጥቂት ፖርቱጋሎች ጋራ ከጎጃም ተነሡ። እንግዲህ ይህ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝና በንጉሠ ነገሥቱ ወጪ የተደረገ የአሰሳ ጉዞ ነበር ማለት ነው።

ዓባይን ተሻግረው እናርያ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ በክብር ተቀበላቸው፤ ለስንቃቸውም ወርቅ ጨመረላቸው። ነገር ግን ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደሚሉት፣ በግዛቱ ውስጥ የባዕድ መንገድ እንዲከፈት ስላልወደደ በእርሱ አገር በኩል ወደ ፊት እንዲያልፉ አላደረገም፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አስመለሳቸው። እነሆ፣ ወርቅ ሰጠ፤ ከወርቁም ጋራ አቅጣጫ ሰጠ። መንገደኞቹም በየም ሕዝብ አገር አልፈው ከጊቤ ወንዝ ደረሱ። በዚያም ላም አርደው ቆዳውን እንደ አቁማዳ ነፉ፤ ጓዛቸውንና ራሳቸውን በእርሱ ላይ አድርገው፣ በዋናተኞች እየተገፉ ያንን የሚያስፈራ ውሃ ተሻገሩ። የዋናተኞቹን ስም የጻፈ ሰው የለም።

ከዚያም ከምባታ ገቡ። የከምባታው ገዥ ሐመልማል ለንጉሠ ነገሥቱ የሚታዘዝ ሰው ነበር፤ ሆኖም የጉዞው ዓላማ በአገሩ ወሬ ሆኖ ስለ ተነዛ መንገደኞቹ ብዙ ጊዜ ተጉላሉ። ፈረንጅ ጦር አምጥቶ ሃይማኖት ሊያስለውጥ ነው የሚል ሐሜት ከፊታቸው እየቀደመ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ አላባ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ አሊቆ ይዞ አሰራቸው። ፈርናንዴዝ የያዘው ደብዳቤ ቢገኝ የሁሉም ሕይወት እንደሚያልፍ ስላወቀ፣ በእስር ቤት ሳለ ደብዳቤውን በእሳት አጠፋው። አሊቆም ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ምናልባት ንጉሠ ነገሥቱን ፈርቶ፣ ለቀቃቸው፤ ወደ ፊት መሄድን ግን ከለከላቸው። በ1614 ዓ.ም. ወደ መጡበት ተመለሱ፤ የማሊንዲም መንገድ ሳይገኝ ቀረ።

በመዝገብ ቤት ቋንቋ ብንናገር ይህ ጉዞ ዓላማውን አልፈጸመም፤ ወጪውም ባክኖ ቀረ ይባል ነበር። ነገር ግን በኋላ ዘመን ማኑኤል ደ አልሜዳ የተባለው ጸሐፊ የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፉ ስላስቀመጠው፣ የዚያን ጊዜውን ከምባታ፣ አላባና የም በዐይን ያየ ሰው ምስክርነት ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ፈልገው ከፈሉ፤ ለእኛ የደረሰን ግን ታሪክ ነው። ከዚህም ሌላ ትምህርት አለበት፤ አሊቆንና የእናርያውን ገዥ ክፉዎች ናቸው ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። እነርሱም የጠየቁት እኛ አሁን የምንጠይቀውን ነው፤ ይህን ሰው ማን ላከው? ምንስ ሊያደርግ መጣ? ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አለፈ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጡት አሳሾች ስንቅ ከሌላ ኪስ የወጣ ነበር። አንዳንዱ፣ እንደ ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊ፣ በራሱ ሀብት ተጓዘ። ሌላው፣ እንደ ቪቶሪዮ ቦቴጎ፣ በኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ተልኮ በ1895 ዓ.ም. ተነሣ። ቦቴጎ የአባያን ሐይቅ ሲያይ፣ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ስም ያላወጣለት ይመስል፣ በኢጣልያ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ያ ስም በካርታ ላይ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ አባያ ወደ ስሙ ተመለሰ። የከፋይ እጅ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዝም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአሰሳው መልክ ተለወጠ። ጠመንጃ አንጋቹ መንገደኛ ቀርቶ ደብተርና የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዘ ምሁር መጣ፤ ከኋላውም የጥናት ተቋም ቆመ። ጀርመናዊው ሌኦ ፍሮቤኒዩስ ለጉዞዎቹ ገንዘብ የሚያገኘው ከመንግሥትና ከሀብታሞች እየለመነ፣ ከየአገሩ የሰበሰበውንም ዕቃ ለቤተ መዘክሮች እየሸጠ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በእርሱ ስም የሚጠራው የፍራንክፈርት ተቋም በአዶልፍ የንሰን መሪነት በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ጉዞ አደረገ፤ ከጦርነቱም በኋላ ከ1950 እስከ 1952 ዓ.ም. እንደ ገና ተመልሶ መጣ። ከእነዚህ ጉዞዎች በጀርመንኛ የታተሙት ወፋፍራም መጻሕፍት ስለ ደቡብ ሕዝቦች የሚጠና ሰው ሁሉ ሳይነካቸው የማያልፍ ሆኑ።

ለሐዲያና ለከምባታ ግን ዋናው ሥራ የኡልሪኽ ብራውኬምፐር ነው። ይህ ምሁር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአገሩ እየተዘዋወረ የሽማግሌዎችን ቃልና የየጎሣውን የትውልድ ሐረግ ሰበሰበ። የሐዲያ ታሪክ መጽሐፉ በ1980፣ የከምባታው ደግሞ በ1983 ዓ.ም. በጀርመንኛ ታተሙ። ጊዜውን አስቡት፤ ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎች የንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ጦር አገሩን ከመያዙ በፊት የነበረውን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ ነበሩ። ያ ደብተር በዚያ ጊዜ ባይከፈት ኖሮ ብዙው ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋራ በተቀበረ ነበር። ስለዚህ ለከፈለውም ለጻፈውም ምስጋና ይገባል።

ሆኖም ሌላውን ወገን ደግሞ እንመልከት። የሐዲያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአያቱን ቃል ለማንበብ የፈለገ የሆሳዕና ልጅ ጀርመንኛ መማር ነበረበት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህን የመሰለ ነው። ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፤ እርሱ ለላከው ተቋም በተቋሙ ቋንቋ ጻፈ። ጉድለቱ፣ በዚህ በኩል ሆኖ «ለእኛስ ምን ይቀራል?» ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

በእኛ ዘመንም አሰሳው አልቆመም። በዚያው በደቡብ ምዕራቡ ደጋ በሶዲቾ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ። የጀርመን የጥናት መርጃ ድርጅት በሚከፍለው ገንዘብ የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው እዚያ ቆፈሩ። በ2021 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት ሰዎች በዚያ መጠለያ መኖር ከጀመሩ 27,000 ዓመት ያህል ሆኗል። የከፋዩ ጥያቄ የጥንት ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ወደ አውሮፓ የደረሰበት መንገድ የት ነው የሚል ነበር፤ የጥናቱ ስም እንኳ «ወደ አውሮፓ የሄድንበት መንገድ» ይባላል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ወደ አውሮፓ የሄደው ሳይሆን እዚሁ የቀረው ሊሆን ይችላል፤ ብርድና ድርቅ በተለዋወጠበት ዘመን በዚህ ደጋ ተጠግቶ እሳት ያነደደው ሰው።

አሁን ግን ከአሊቆ ዘመን የሚለየን አንድ ነገር አለ። አሊቆ መልክተኛን ለመጠየቅ እስር ቤት ብቻ ነበረው፤ እኛ ግን ሕግ አለን። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማድረግ አይቻልም፤ የተገኘውም ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው። ድንጋዩና አጥንቱ እንግዲህ ጠባቂ አለው። ቃልስ? ሽማግሌው የተናገረው፣ አሮጊቷ የዘፈነችው፣ የእንሰቱን ዝርያ አንድ በአንድ በስሙ እየጠራ ገበሬው ያስረዳው? ይህ በሻንጣ ተይዞ ሲወጣ በኬላ ላይ የሚፈትሸው የለም።

ስለዚህ የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በዚህ ጉዳይ የእናንተ ድርሻ ትንሽ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤው የሚጻፈው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጥኚው ፈቃድ ሲጠይቅ የላከውና ወጪውን የሚችለው ማን እንደ ሆነ በግልጽ ይጠየቅ። ከሚሰበስበው ቃልና ፎቶግራፍ አንድ ቅጂ፣ ከሚያሳትመውም መጽሐፍ አንድ ቅጂ በአገሩ እንዲቀር በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ጥንት ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል፤ አደራውን የሚቀበል ቤት የለም ተብሎ ሊመካኝ አይችልም። የመሪውና የአስተርጓሚውም ስም እንዲመዘገብ ይደረግ፤ የጊቤን ዋናተኞች ስም ያጣነው ይበቃናል።

ከሁሉ በላይ ግን ስንቁን ሁልጊዜ ከሌላ ሰው አገልግል መጠበቅ አይገባም። አንድ የታሪክ መምህር ደብተርና የድምፅ መቅጃ ይዞ፣ በሐምበሪቾ ተራራ ሥር ወይም በሾኔ ገጠር ከሽማግሌዎች ጋራ ሁለት ሳምንት እንዲቀመጥ ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። ከፋዩ ራሳችን ከሆንን ጥያቄውም የራሳችን ይሆናል፤ መልሱም በምናነበው ቋንቋ፣ በሐዲይሳ፣ በከምባቲሳና በአማርኛ ይጻፋል።

የሐዲያዋ ልጅ ንግሥት እሌኒ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መልክተኛ ስንቅ አስይዘው ባሕር አሻግረዋል። ዛሬ ከእኛ የሚጠበቀው ባሕር ማሻገር አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩትን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ሄዶ መጠየቅ ነው። እነርሱ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ እስኪፈረም ድረስ አይጠብቁንም።